መጀመሪያ ሳሙና፣ ቀጥሎ በረኪና

ጠላ ጠማቂ ጋኗን የምታሰናዳው በሁለት ሥራ ነው። በመጀመሪያ የግራዋ ቅጠል ጨብጣ ውስጡን ትፈትጋለች፤ ያለፈው ጠላ አተላ ከጋኑ ግድግዳ እስኪለቅ ድረስ ደጋግማ ታሻለች፣ ታለቀልቃለች። ጋኑ ጠፈፍ ሲል ወይራ አጭሳ አፉን ጭሱ ላይ ትደፋና ታጥነዋለች። የወተት ዕቃም የሚሰናዳው እንዲሁ ነው። ቅደም ተከተሉን የምታፋልስ ባለሙያ የለችም፤ ሳይፈተግ የታጠነ ጋን ጠላውን እንደሚያበላሸው ከእናቷ ተምራለች።

ግራዋው ያነሣል፣ ጭሱ ይገድላል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው በዛሬው የምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ እየተረሳ መጥቷል፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። የግራዋውን ቦታ ሳሙና፣ የጭሱን ቦታ በረኪና ወስደውታል። ሆኖም የሥጋው ስብና ደም ገና ያልለቀቀው መክተፊያ ላይ በረኪና ከነጠርሙሱ ይንቆረቆርበትና ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ሲወለውል በዋለ ጨርቅ ይጠረጋል። ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ባለቤቱም ደንበኛውም በጠረኑ ተማምነው ልባቸው ይረጋል። ምግብ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ጁስ ቤት ወይም ጀበና ቡና ሊከፍት ዕቃ የሚሸምት ሰው ከሁሉ በፊት በወጉ ሊተዋወቀው የሚገባው ይህን ርካሽ ፈሳሽ ነው። በልኩና በተራው ከያዙት፣ በእጥፍ ዋጋ የሚሸጡ ብዙ የጽዳት ዕቃዎች የሚሠሩትን ሥራ ብቻውን ይሠራል።

በረኪና ማለት ውሃ ውስጥ የሟሟ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ለቤት አገልግሎት የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 በመቶ ገደማ ይይዛል። ውሃ ሲቀላቀልበት ከውስጡ የሚወጣው ክሎሪን የባክቴሪያውንና የቫይረሱን አካል አቃጥሎ ያፈርሳል። ችግሩ ክሎሪኑ መራጭ አለመሆኑ ላይ ነው። ጀርሙን ከስቡ፣ ቫይረሱን ከሽሮው ፍርፋሪ አይለይም፤ ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል፤ ባጠቃ ቁጥርም ራሱ ያልቃል። በረኪና እንደተቆጠረ ገንዘብ ነው፤ ለቅባቱ ከተከፈለ ለጀርሙ የሚተርፍ የለም። ሳሙና ቀድሞ የሚገባው ስለዚህ ነው። ሳሙና ስቡን ከዕቃው አላቅቆ ከውሃው ጋር ይዞት ይሄዳል፣ አብዛኛውን ጀርምም አብሮ ያጥባል። ለበረኪናው የሚቀረው ጥቂቱና ግትሩ ብቻ ይሆናል።

ታሪኩም ከምግብ ዓለም ሩቅ አይደለም። ክሎሪን እ.ኤ.አ. በ1774 በስዊድናዊው ካርል ሼሌ ተገኘ። ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳዊው ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ ጨርቅ ማንጫ አደረገው፤ በዚያን ጊዜ ከፓሪስ ወጣ ብላ በነበረችው ጃቬል በተባለች መንደር ስለተመረተ የጃቬል ውሃ ተባለ። ጀርም ማጥፊያ ያደረገው ግን በ1820ዎቹ አንትዋን ላባራክ የተባለ ፋርማሲስት ነው። ያኔ በፓሪስ የከብት አንጀት እየተፋቀ ለሙዚቃ መሣሪያ ክርና ለሌላ ሥራ የሚዘጋጅባቸው ቤቶች ነበሩ፤ ግማታቸው ሰፈሩን ያስለቅቅ ነበር። ላባራክ አንጀቱን በክሎሪን ውሃ እየነከረ ግማቱንም ብስባሴውንም አስቆመና ሽልማት ተቀበለ። በ1847 ደግሞ ኢግናዝ ሴመልቫይስ የተባለው ሐኪም በቪየና ሆስፒታል የአስከሬን ምርመራ አድርገው ወደ ወላዶች የሚመጡ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። ከ10 በመቶ በላይ የነበረው የወላዶች ሞት ወደ 2 በመቶ አካባቢ ወረደ። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ሳይንስ ገና ባላረጋገጠበት ዘመን የሆነ ነገር ነው።

ወደ ልኩ እንምጣ፤ ጓዳ ውስጥ ከሁሉ የሚጎድለው ልክ ነውና። ምግብ የሚነካ ዕቃ፣ ማለትም ሳህን፣ ስኒ፣ ቢላ፣ መክተፊያ፣ ታጥቦ ከተለቀለቀ በኋላ የሚበቃው የክሎሪን መጠን በሚሊዮን 100 እጅ ነው። ይህን ለማግኘት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። ለ10 ሊትር ውሃ የሚያስፈልገው በረኪና በሚሊ ሊትር ሲቆጠር፣ 100ን ጠርሙሱ ላይ ለተጻፈው የመቶኛ ቁጥር ማካፈል ነው። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር፣ 4 በመቶ ከሆነ 25 ሚሊ ሊትር። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ገዝቶ በረኪናው አጠገብ ማስቀመጥ ነው፤ በግምት ከማንቆርቆር ያድናል። ዕቃው ቢያንስ 1 ደቂቃ ይነከርበታል፤ ከዚያ በፎጣ ሳይወለወል መደርደሪያ ላይ ተደፍቶ በራሱ ይደርቃል። በዚህ ልክ የታጠበ ዕቃ ላይ ሲደርቅ የሚቀረው ከቁጥር የማይገባ ጨው ነው፤ ምግቡ ላይ ሽታ አይተውም፣ የሚበላውን አይጎዳም።

ወጪውንም አስሉት። 20 ሚሊ ሊትር ለአንድ ባለ 10 ሊትር ሳፋ ከበቃ፣ አንድ ሊትር በረኪና 50 ሳፋ ያወጣል። በጠርሙሱ የሚያንቆረቁር ቤት ግን ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል፣ ያውም ወለሉን አርሶ የአስተናጋጇን ዓይንና ጉሮሮ ከማቃጠል በቀር ብዙም ሳይጠቅመው።

ጠንከር ያለው ልክ የራሱ ቦታ አለው። ሰው ያስመለሰበት ወለል፣ ደም የፈሰሰበት ቦታ፣ መጸዳጃ ቤት ከዚያ ቢያንስ 10 እጥፍ ይፈልጋል፤ በ5 በመቶው ሲለካ ለአንድ ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለዚያ የተመደበ ባልዲና መወልወያ ደግሞ ወደ ምግቡ ጓዳ ዝር ማለት የለበትም።

የመንገድ ዳር ጀበና ቡናን አስቡ። ረከቦቱ ያምራል፣ ሣሩ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ከበስተጀርባ ግን ስኒዎቹ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ በአንድ ሳህን ውሃ ይለቀለቃሉ። ደንበኛ ሲበዛ ውሃው ይደፈርሳል፤ የአንዱ አፍ ለሌላው ይተላለፋል። ለዚህ መፍትሔው ማሽን አይደለም፤ ሦስት ሳፋ ነው። በአንዱ ሳሙና፣ በሁለተኛው ንጹሕ መለቅለቂያ፣ በሦስተኛው የተለካ በረኪና። ትልልቅ ሆቴሎች ባለ ሦስት ጉድጓድ ማጠቢያ የሚያስገጥሙት ለዚሁ ሥራ ነው፤ ለቡናዋ እህታችን ሦስት ትንንሽ ሳፋዎች ያንኑ ያደርጉላታል። የሦስተኛው ውሃ ሲደፈርስ ወይም ግማሽ ቀን ሲሞላው መለወጥ አለበት። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ ክሎሪኑን ወደ አየር ያባርረዋል።

መደብር ሲገባ የሚታየው ብዙ አይደለም። ጠርሙሱ ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን፤ የመቶኛው መጠንና የተመረተበት ቀን ይጻፍበት፤ ሽታ የተጨመረበትና ለመጸዳጃ ቤት ተብሎ የተወፈረው ለምግብ ዕቃ አይሆንም። በረኪና ያረጃል። ፀሐይና ሙቀት ያደክሙታል፤ ወራት ሲቆጠሩ በጥላ የተቀመጠውም ኃይሉ ይቀንሳል። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን በርካሽ መግዛት ውሃ መግዛት ነው። ጥርጣሬ ካለ የክሎሪን መለኪያ ወረቀት አለ፤ ነክረው የቀለሙን ለውጥ ከሰሌዳው ጋር ያስተያዩታል።

ፈሳሽ ሳሙና ቅባት የሚያስለቅቅ ከሆነ ይበቃል፤ ጀርም ይገድላል የሚል ጽሑፍ ስላለበት ብቻ ተጨማሪ ብር መክፈል አያስፈልግም። ገንዘቡን ይልቅ ጨርቅና ስፖንጅ ቶሎ ቶሎ መለወጫ አድርጉት። ቀኑን ሙሉ እርጥብ የሆነ ስፖንጅ ጓዳው ውስጥ ካለ ነገር ሁሉ ጀርም የሚራባበት ነው። ለጠረጴዛ፣ ለዕቃ፣ ለጥሬ ሥጋ ቦታ የተለያየ ቀለም ያለው ጨርቅ ይመደብ፤ ማታ ይቀቀል፣ ይሰጣ።

ጓንት ላይ ያለኝ አስተያየት ጠንካራ ነው። ጓንት አድርጎ ሥጋ የሚቆርጥ፣ በዚያው ብር የሚቀበል፣ በዚያው እንጀራ የሚያነሣ ሰው ካለጓንቱ የተሻለ ይሠራ ነበር፤ ባዶ እጅ ሲቆሽሽ ይሰማል፣ የጓንት አይሰማም። ለ20 ሰከንድ በሳሙና የታጠበ እጅና አንድ መቆንጠጫ ከአንድ ካርቶን ጓንት ይበልጣሉ። ብር የሚቀበለው ሌላ ሰው ይሁን።

መክተፊያን በተመለከተ ኩሽናችን አንድ ትልቅ ዕውቀት አስቀድሞ ይዟል። የጾሙን ድስት ከፍስኩ፣ የጾሙን ቢላ ከፍስኩ መለየት በብዙ ቤት የታወቀ ነው፤ በስህተት የተቀላቀለ እንደሆነ የሚፈጠረውን ድንጋጤ ሁላችንም እናውቃለን። ያንኑ ጥንቃቄ ለጥሬውና ለበሰለው መስጠት ነው። የዶሮ ብልት የወጣበት መክተፊያ ላይ ለሰላጣ ቲማቲም መክተፍ ሳልሞኔላ የተባለውን ጀርም በቀጥታ ለደንበኛ ማቅረብ ነው፤ ዶሮው ወጥ ውስጥ ሲንተከተክ ይድናል፣ ቲማቲሙ ግን እሳት አያይም። በትልልቅ ሆቴሎች ቀይ መክተፊያ ለጥሬ ሥጋ፣ አረንጓዴ ለአትክልት ይመደባል። ለትንሽ ቤት ምልክት የተደረገባቸው ሁለት መክተፊያዎች ይበቃሉ። ቢላ የቦረቦረው መክተፊያ ይጣል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ሳሙናም በረኪናም አይደርስበትም።

በረኪና የማይችለውንም መናገር ተገቢ ነው። ሥጋ አያነጻም። የኮሶ ትል ዕጭ የሚኖረው በከብቱ ጡንቻ ውስጥ ስለሆነ የቱንም ያህል የጸዳ ሥጋ ቤት ያልተመረመረ ሥጋ ካቀረበ ደንበኛውን ኮሶ ሊይዘው ይችላል። ዕጩን የሚገድለው 60 ዲግሪ የደረሰ ሙቀት ወይም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ለ10 ቀን መቀዝቀዝ ነው፤ ለብለብ የተደረገ ክትፎ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ቁርጥና ክትፎ የሚሸጥ ቤት የመጀመሪያው የንጽሕና ዕቃው የቄራው ማኅተም ነው። ሰላጣም እንዲሁ። በአቃቂ ወንዝ ዳር በተበከለ ውሃ የሚለማ አትክልት ወደ አዲስ አበባ ገበያ እንደሚገባ የታወቀ ነው። ሰላጣን ቅጠል በቅጠል ፈልቅቆ በሚፈስ ውሃ አጥቦ በተለካ ክሎሪን ውሃ መንከርና መልሶ ማለቅለቅ ባክቴሪያውን ይቀንሳል፤ የወስፋት እንቁላልን ግን ክሎሪን አይደፍረውም። እሱን የሚያስወግደው እጥበቱና መታሸቱ ነው። ሊተማመንበት የማይችል ቤት ሰላጣውን ከዝርዝሩ ቢያወጣና የበሰለ ጎመን ቢያቀርብ ክብሩ አይቀንስም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ሁሉ በሮቶና በጀሪካን ላይ የቆመ ነው። የተጠራቀመ ውሃ ክዳን ይኑረው፣ መቅጃው ቧንቧ እንጂ የሚጠልቅ ጣሳ አይሁን፤ ለመጠጥ የሚሆነው ደግሞ እንደ ውሃ አጋር ባለ ለዚያ በተዘጋጀ የክሎሪን መድኃኒት ታክሞ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ሦስት ነገሮች ከበረኪና ጋር አይገናኙም። የመጀመሪያው አሲድ ነው፤ ሎሚም ይሁን አቼቶ፣ በተለይም አሲድ ያለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 በቤልጂየሟ ኢፕር ከተማ አጠገብ በጦር ሜዳ ወታደሮችን የፈጀው ያው ጋዝ ነው፤ ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ሁለተኛው አሞንያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ነው፤ እሱም መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሦስተኛው አሉሚኒየም ነው፤ ድስቱን ይበላዋል፣ ያጠቁረዋል።

የመጨረሻው ልመናዬ ለምግብ ቤት ባለቤቶች ሁሉ ነው። በጅምላ የተገዛ በረኪና በባዶ የውሃ ጠርሙስ እየተቀዳ በየጓዳው ይቀመጣል። በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች በመርዝ ስለተጎዱ ሰዎች የተደረጉ ጥናቶች በረኪናን ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች መካከል ይቆጥሩታል። የሠራተኛዋ ልጅ ወይም ውሃ የጠማው አስተናጋጅ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ይበቃል። በገዛ ዕቃው ይቀመጥ፤ መገልበጥ ግድ ከሆነ በትልቁ «በረኪና» ተብሎ ይጻፍበት፤ ከምግብና ከመጠጥ መደርደሪያ ርቆ ከበታች ይሁን። የጠጣ ሰው ቢያጋጥም እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ አፉን በውሃ አስጉመጥምጣችሁ ከነጠርሙሱ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።