የፕሮግራም ቋንቋ ለመማር፦ የታተመ መጽሐፍ ወይስ የበይነመረብ መመሪያ?

ሪያድ በየዓመቱ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ታስተናግዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመሠረተውና ፕሮግራሚንግ የሚያስተምረው ጡወይቅ አካዳሚም መቀመጫው በዚሁ ከተማ ነው። ከሥራ መልስ በግሉ ለማጥናት የሚነሣ ሰው ግን፣ የውጭ አገር ሠራተኛም ቢሆን፣ አስቀድሞ የሚገጥመው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ መጽሐፍ ይግዛ ወይስ በነጻ የሚገኘውን መመሪያ ያንብብ?

የመጽሐፍ ብርታቱ ቅደም ተከተሉ ነው። ብራያን ከርኒሃንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ሲ ቋንቋ ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ለፍጹም ጀማሪ ባይጻፍም፣ ከአንዲት የሰላምታ ፕሮግራም ተነሥቶ ከ300 ባነሱ ገጾች አንባቢውን ሩቅ ያደርሰዋል። ብዙ የበይነመረብ መመሪያዎች ግን የተዘጋጁት ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ማጣቀሻ እንዲሆኑ ነው። ጀማሪ ሲገባባቸው መዝገበ ቃላት ብቻ ይዞ ቋንቋ ሊለምድ እንደሚሞክር ሰው ይሆናል።

መጽሐፍ ሲያረጅ ግን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2008 የፓይተን ሦስተኛ ቨርዥን ሲወጣ፣ ጽሑፍን በስክሪን የሚያሳየው ትእዛዝ በቅንፍ እንዲጻፍ ግድ ሆነ። የሁለተኛው ቨርዥን ይፋዊ ድጋፍም ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አበቃ። በሁለተኛው ቨርዥን የተዘጋጀ አሮጌ መጽሐፍ በርካሽ የገዛ ተማሪ፣ የመጀመሪያውን ምሳሌ አንድ ፊደል ሳያዛንፍ ቢገለብጥ እንኳ የሚመጣለት የስሕተት መልእክት ነው። ጥፋቱ የመጽሐፉ ዕድሜ ሆኖ ሳለ የራሱን ችሎታ ይጠራጠራል፤ ትምህርቱን እስከ ማቋረጥም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የኅትመቱን ዓመትና የቨርዥኑን ቁጥር ማየት ይገባል። የፓይተን ይፋዊ ድረ-ገጽ በነጻ የሚያቀርበው መማሪያ በአንጻሩ ከየቨርዥኑ ጋር ይታደሳል፤ ደግሞም በተራ የሚነበብ እንጂ ደረቅ ማጣቀሻ አይደለም። መጽሐፍ መግዣ የሌለው ሰው ከዚያ ቢጀምር አይጎዳም።

በዐረብኛ ለሚማር ሰው ሌላም እንቅፋት አለ። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ኮድ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። ሁለቱ በአንድ መስመር ሲገናኙ፣ በጥንቃቄ ባልተዘጋጀ ድረ-ገጽ ላይ የመጨረሻው ቅንፍ ዘሎ በስተግራ ሊታይ ይችላል። ኮዱ ሲቀዳ ትክክል ነው፤ ዐይን የሚያየው ግን የተዛባ ነው። በወረቀት ላይ ይህ የአራሚው ኃላፊነት ነው፤ አንድ ጊዜ በትክክል ከታተመ አይናወጥም።

የቁልፍ ሰሌዳውም ያሳስታል። ፓይተን በዐረብኛ አኃዝ የተጻፈን ቁጥር ከተጠቃሚ ተቀብሎ መተርጐም ይችላል፤ በኮዱ ውስጥ በቁጥርነት ሲጻፍ ግን አይቀበለውም። የአማርኛ ነጠላ ሰረዝም የላቲኑን ኮማ ቦታ አይተካም። በትእምርተ ጥቅስ መካከል የሚገባው ጽሑፍ ግን በግዕዝ ፊደል ሊሆን ይችላል፤ ከሦስተኛው ቨርዥን ወዲህ ፕሮግራመሩ ለተለዋዋጮች የሚያወጣው ስምም እንዲሁ።