ከሜይን በፊት፣ ከሜይን በኋላ

ሲ ቋንቋ ሲማሩ መጀመሪያ የሚነገረው «ፕሮግራም የሚጀምረው ከሜይን ነው» የሚለው ነው። ለጀማሪ አይከፋም፤ ግን ልክ አይደለም። ሊኑክስ ላይ ከሜይን በፊት የሚሠራ፣ ፕሮግራመሩ ያልጻፈው አጭር ኮድ አለ፤ የሚያያይዘው ሊንከሩ ነው። ይህ ኮድ የሲ ላይብረሪውን አሰናድቶ፣ ከትእዛዙ ጋር የተጻፉትን ቃላት ይዞ ሜይንን ይጠራል። ሜይን ሲጨርስም የመለሰው ቁጥር ኤግዚት ለሚባለው ፈንክሽን ይተላለፋል።

ኤግዚት ደግሞ ብድግ ብሎ አይወጣም። አስቀድመው በአትኤግዚት የተመዘገቡትን ፈንክሽኖች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየጠራ ያስኬዳል፤ በፈር ውስጥ የተጠራቀመውን ጽሑፍ ያራግፋል፤ ከዚያ ነው ፕሮግራሙን ለከርነሉ የሚያስረክበው። ለሼሉ የሚደርሰው ቁጥር 8 ቢት ብቻ ነው፤ ከ0 እስከ 255። ያገኘውን ስህተት ቆጥሮ ብዛቱን የሚመልስ ፕሮግራም 256 ስህተት ያገኘ ዕለት ቁጥሩ 0 ሆኖ ይደርሳል፤ ሼሉም ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ያልፋል።

ፕሮግራሙ ትንሽ ሳለ ይህ ሁሉ ራስ ምታት አይሆንም። ሲያድግ ግን ኤግዚት በየፈንክሽኑ ይበተናል፤ የመነሻው ዝግጅትም ከፋይል ወደ ፋይል እየተቀዳ ይባዛል። ሪፋክተር፣ ማለትም የኮዱን ሥራ ሳይቀይሩ አወቃቀሩን ማስተካከል፣ የሚያስፈልገው ያኔ ነው፤ መግቢያውንም መውጫውንም አንድ አንድ ቦታ ለመሰብሰብ።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው የኮድ ለውጥ መከታተያ፣ ጊት፣ ጥሩ ማሳያ ነው። አንድ ፕሮግራም ይምሰል እንጂ ከዋናው ውጭ የራሳቸው ሜይን ያላቸው ጥቂት ፕሮግራሞችም ነበሩት። ሲነሱ የሚደረገውን ዝግጅት አንዱ ያደርገዋል፣ ሌላው ይዘለዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የሁሉም ሜይን ስሙ ተቀይሮ «ሲኤምዲ ሜይን» ሆነ፤ እውነተኛው ሜይን አንድ ፋይል ውስጥ ተቀመጠ። አሁን ዝግጅቱን ጨርሶ ሲኤምዲ ሜይንን የሚጠራው እሱ ነው።

ከዝግጅቶቹ አንዷን ቀረብ ብለን እንያት። ፕሮግራም ሲነሳ 0፣ 1 እና 2 የተባሉ ክፍት መስመሮች ይጠብቃል፤ ለግቤት፣ ለውጤት፣ ለስህተት መልእክት። ያስነሳው አካል 2ን ዘግቶ ቢያስነሳውስ? ከርነሉ ለሚከፈት ፋይል የሚሰጠው ያልተያዘውን ትንሹን ቁጥር ነውና፣ መጀመሪያ የተከፈተው የዳታ ፋይል 2 ሆኖ ቁጭ ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚወጣው የስህተት መልእክት በሙሉ የሚጻፈው ዳታው ላይ ነው። መድኃኒቱ ገና ሲነሱ፣ የሚሰጠው ቁጥር ከ2 እስኪያልፍ ድረስ፣ የተጻፈበትን ሁሉ የሚውጠውን ዴቭ ነል የተባለ ፋይል መክፈት ነው። ሁለት ሦስት መስመር ኮድ ስለሆነ በቀላሉ ይረሳል።

መውጫውም የራሱ ጣጣ አለው። ጊት ኢንዴክሱን ሲያድስ ኢንዴክስ ሎክ የሚባል ፋይል ይፈጥራል። በኤግዚት በኩል ቢወጣም፣ ተጠቃሚው ኮንትሮል ሲ ቢጫንም ፋይሉን የሚያጠፋ ፈንክሽን አስቀድሞ ተመዝግቧል። በኪል ማይነስ 9 ከተገደለ ግን ማንም የሚጠራው የለም፤ ፋይሉ እዚያው ይቀራል፣ ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝም ሌላ ጊት እየሠራ መስሎት አሻፈረኝ ይላል። ጊት የሚጠቀም ሁሉ ይህችን መልእክት ሳያውቃት አይቀርም።

ኮዱን የሚያጸዳ ሰው እጁን ሊሰበስብበት የሚገባም ነገር አለ። በፋይል ውስጥ ቃል የሚፈልገው ግሬፕ ቃሉን ካገኘ 0፣ ካላገኘ 1፣ ችግር ከገጠመው 2 ይመልሳል። ዜሮ ያልሆነውን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ 2 የሚያደርግ «ማሻሻያ» ኮዱን ሊያሳምር ይችላል፤ በእነዚህ ቁጥሮች የሚተማመኑትን ስክሪፕቶች ግን ገደል ይከታቸዋል። ለእኔ ይህ ውል ማፍረስ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው የዲስክ መሙላት ነው። ፕሪንትኤፍ ጽሑፉን በፈር ውስጥ ስለሚያቆየው ዲስኩ ቢሞላም ትንፍሽ አይልም። በፈሩን የማይሞላ አጭር ጽሑፍ የሚራገፈው ሜይን 0 ከመለሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ስህተት ቢፈጠር የሚሰማው የለም። የጂኤንዩ ኮርዩቲልስ ፕሮግራሞች ለዚህ ሲሉ ገና ሲነሱ ውጤቱን ዘግቶ የሚፈትሽ ፈንክሽን በአትኤግዚት ያስመዘግባሉ። የራስዎን ፕሮግራም መፈተን ካሻዎ ሊኑክስ ላይ ዴቭ ፉል አለልዎ፤ የተጻፈበትን ሁሉ ቦታ የለኝም ብሎ የሚመልስ ፋይል ነው። ውጤቱን ወደዚያ ይላኩና ኤግዚት ኮዱን ይመልከቱ፤ 0 ካለዎ መውጫው ገና ሥራ ይቀረዋል።