የሐይቁ ጉብታና የወደብ ሬዲዮ

ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የምትጓዝ ጀልባ በመንገዷ ማዕበል ቢያጋጥማት፣ በወደቡ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «የት ደርሳ ይሆን?» የሚል ነው። መልሱ የሚገኘው ጽሕፈት ቤቱ ከሐይቁ ዳር ጣቢያዎችና ከጀልባዋ ጋር አስተማማኝ የሬዲዮ ግንኙነት ሲኖረው ነው። ግንኙነቱ ሲደክም ብዙዎች ኃይለኛ ማሰራጫ መግዛትን እንደ መፍትሔ ይቆጥሩታል። ይሁን እንጂ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው የምድር ክብነት ነው።

ጣና ለዓይን ዝርግ ቢመስልም ገጹ የምድርን ክብነት ተከትሎ ይጎብጣል። ማይክሮዌቭን የመሰሉ ሞገዶች ደግሞ እንደ ብርሃን በቀጥታ ስለሚጓዙ ጉብታው ይጋርዳቸዋል። በመካከለኛው ነጥብ ላይ የጉብታው ቁመት የሚገኘው የጣቢያዎቹ ርቀት ካሬ ለምድር ራዲየስ 8 እጥፍ ሲካፈል ነው። አየር ሞገዱን በስብረት በጥቂቱ ወደ ታች ስለሚያጎብጠው፣ መሐንዲሶች በ6,370 ፈንታ 8,500 ኪሎ ሜትርን እንደ ራዲየስ ይወስዳሉ። በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት 70 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ የጉብታው ቁመት 72 ሜትር ይሆናል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሞገድ እንደ ክር የቀጠነ ስላልሆነ በመስመሩ ዙሪያ የፍሬኔል ቀጠና የተባለ ነጻ ቦታ ይፈልጋል። በ6 ጊጋኸርዝ ለዚህ 18 ሜትር ያህል ሲጨመር፣ በሁለቱም ዳር አንቴናው ከውኃው ወለል 90 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ማማ ነው።

አሁን በሁለቱ ወደቦች መካከል በምትገኘው በደቅ ደሴት ላይ የቅብብል ጣቢያ እንትከል። እያንዳንዱ ርቀት 36 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጉብታው ወደ 19፣ የቀጠናው ፍላጎት ወደ 13 ሜትር ስለሚወርድ 32 ሜትር ይበቃል። ጉብታው ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ወደ ሩብ የሚወርድ በመሆኑ የቅብብሉ ጥቅም ከፍተኛ ነው። እርግጥ የደሴቱ ጣቢያ ከተቋረጠ መላው መስመር ስለሚቋረጥ፣ የፀሐይ ኃይሉና ባትሪው በጥንቃቄ ሊያዙ ይገባል።

ውኃው ሌላም ችግር ያመጣል። ከገጹ ተንጸባርቆ የሚመጣው ሞገድ በቀጥታ ከሚመጣው ጋር ተገናኝቶ አንዳንዴ ያጠፋዋል። ሁለት ተቀባይ አንቴናዎችን በተለያየ ከፍታ መስቀል ፍቱን ዘዴ ነው፤ አንደኛው ሲደክም ሌላው ይሰማልና።

ለጀልባዎቹስ? በሜትር ሞገድ ሬዲዮ የአድማሱ ርቀት በኪሎ ሜትር የሚገኘው፣ የሁለቱ አንቴናዎች ቁመት በሜትር ተለክቶ የካሬ ሥሮቻቸው ድምር በ4.12 ሲባዛ ነው። አንቴናዋ 3 ሜትር የሆነች ጀልባ፣ 8 ሜትር ከፍታ ካለው የጣሪያ አንቴና ጋር የምትተያየው እስከ 19 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ32 ሜትሩ ማማ ጋር ግን እስከ 30 ኪሎ ሜትር። እንግዲህ ሦስቱ ማማዎች ጣቢያዎቹን ከማገናኘት አልፈው ጀልባዋን በጉዞዋ ሁሉ ሊሰሟት ይችላሉ።

ለአንባብያን አንድ ጥያቄ እንተው፦ የጀልባዋ አንቴና ወደ 6 ሜትር ቢያድግ ከ32 ሜትሩ ማማ የምትሰማበት ርቀት በስንት ኪሎ ሜትር ይጨምራል?