በአንድ ቀን ሦስት የቅርስ ስፍራዎች፦ የቡታጅራ መንገድ ጉብኝት ለሰበካ ጉባኤያት

ሰበካ ጉባኤዎቻችንና ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ጉዞ ማዘጋጀት ያውቁበታል። አውቶቡስ መከራየት፣ ትኬት መሸጥ፣ ስንቅ ማሰናዳት፣ ከበሮውን ይዞ መዘምራኑን ከፊት ማስቀመጥ ሁላችንም የለመድነው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ጉዟችን ለንግሥ በዓል ነው። ምእመኑ ይደርሳል፣ ታቦቱን ያጅባል፣ ጠበሉን ጠጥቶና በረከቱን ተቀብሎ ይመለሳል። የሄደበት ደብር መቼ እንደታነጸ፣ በዕቃ ቤቱ ምን እንዳለ፣ ያንንም ማን እንደሚጠብቀው የሚጠይቅበት ጊዜ አያገኝም። በንግሥ ዕለት ይህን መጠየቅም አግባብ አይሆንም፤ ካህናቱ በማኅሌትና በቅዳሴ ደክመዋል፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። ቅርስን አይቶ ለመማር ሌላ ቀንና ሌላ ዓይነት ዝግጅት ያስፈልጋል።

ይህን የተረዳሁት ከራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዐቢይ ጾም በአንድ ረቡዕ ቀን፣ መቶ ሃያ የሚሆኑ ምእመናንን በሁለት አውቶቡስ ይዘን ወደ አንዲት የገጠር ደብር ሄድን። አስቀድመን ደብዳቤ አልጻፍንም፤ «የቤተ ክርስቲያን ልጆች ነን፣ ማን ይከለክለናል?» ብለን ነበር። ስንደርስ ካህናቱ ለቅዳሴ እየተዘጋጁ ነበር። ቅዳሴው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሲፈጸም ቁልፍ ያዡ አባት እህል ሳይቀምሱ መጥተው ዕቃ ቤቱን ከፈቱልን። ክፍሉ ከዐሥር ሰው በላይ አይዝም። ሁሉም ለማየት ተጋፋ፤ የብራናው መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አንድ ወጣት ጣቱን በምራቁ አርሶ ቅጠሉን ሲገልጥ አየሁ፤ ከአንዲት እናት ጧፍ ላይም ሰም ጠብ አለበት። አባ አንዳች ቃል አልተናገሩም። መጽሐፉን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉትና ወደ ማኅደሩ መለሱት። መርሐ ግብሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁና ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ ሰበካ ጉባኤዎች ምክር ሲጠይቁኝ የማቀርበው አንድ መስመር አለ። ከአለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ መልካ ቁንጥሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ ይገኛሉ። ሦስቱም ትንንሽ ስፍራዎች ናቸው፤ በአንድ ቀን ታይተው ማታ ወደ ቤት ያስገባሉ። የሦስቱ ዘመንና ጠባይ የተለያየ መሆኑ ደግሞ ለትምህርት ይመቻል።

መልካ ቁንጥሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኝ የቁፋሮ ስፍራ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ጄራርድ ዴከር የተባለ የኔዘርላንድ የውኃ ጥናት ባለሙያ ቦታውን አስተዋለ፤ ከዚያም ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለረጅም ዓመታት ቁፋሮውን መራ። የጎጆ ቅርጽ ባላቸው ጥቂት ቤቶች ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎችና የእንስሳት ቅሪቶች ይታያሉ። ከመሣሪያዎቹ ብዙዎቹ የተሠሩት ከባልጩት ነው፤ የባልጩቱ መገኛ ስፍራም በአቅራቢያው ነው። ስሙ ራሱ ባልጪት ይባላል። ሁለቱ ስፍራዎች በ2024 እ.ኤ.አ. በአንድነት በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በዚሁ አካባቢ 700,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ የተሰጠው የአዋቂዎችና የሕፃናት የእግር ዱካም ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ለካህናት አባቶች በግልጽ ልናገር የሚገባኝ ጉዳይ አለ። አስጎብኚው የሚጠራው ዘመን በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። በአንድ ጉብኝት ላይ አንድ ቄስ ከጎጆው ደጃፍ ወደ ጎን ወስደውኝ፣ «ዓመተ ዓለም ገና ሰባት ሺህ አምስት መቶን ያለፈ ነው፤ ልጆቹን ምን ልናሰማቸው አመጣኸን?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ልጆቹ ይህን ቁጥር በትምህርት ቤት መጽሐፋቸው አስቀድመው አንብበውታል፤ እኛ ብንሸሸው እነርሱ ለብቻቸው ይሸከሙታል። ስለዚህ የማቀርበው ምክር ይህ ነው። አስጎብኚውን በመሐል አቋርጦ አለመከራከር፣ ተመራማሪዎች ዘመኑን ከእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር እንዴት እንደሚለኩ እንዲያስረዳ መጠየቅ፣ የሃይማኖቱን መልስ ደግሞ ከመምህር አፍ መስማት። ለዚህም ከተጓዦቹ መካከል አንድ የመጻሕፍት መምህር ይኑር፤ በሚቀጥለውም እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤት ለጥያቄና መልስ አንድ ሰዓት ይመደብ። በሚናወጥ አውቶቡስ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የሚሰጥ መልስ ማንንም አያጠግብም።

አዳዲ ማርያም ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ የምትገኝ የዐለት ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ናት። ትውፊት ከንጉሥ ቅዱስ ላሊበላ ዘመን ጋር ያያይዛታል። ከሩቅ የመጣ ሰው ሕንፃ ሲፈልግ አያገኝም፤ ጣሪያዋ ከመሬቱ ጋር እኩል ነውና። ዐለቱ ዙሪያውን ተፈልፍሎ ስለተቆረጠ ወደ ታች ወርደው ነው የሚገቡባት። እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተለሰለሰች አይደለችም፤ የመሮው ጠረብ በግድግዳው ላይ ይታያል፣ ውስጧም ጠባብና ጨለማ ነው። እኔ በበኩሌ ለወጣቶች ከላሊበላ ይልቅ እርሷን አስቀድሜ ማሳየት እወዳለሁ። የተጠናቀቀ ውበት ሰውን ያስደንቀዋል፤ የመሮ ምልክት ግን «ይህን የሠራ እጅ ነው» ያሰኘዋል።

የዐለት ቤተ ክርስቲያን ትልቁ ጠላት ውኃ ነው። ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፣ የዛፍና የሣር ሥር ስንጥቁን ያሰፋል፣ ሕዝብ በጣሪያው ላይ ሲመላለስም ዐለቱ ይላላል። ስለሆነም እንግዶች ፎቶግራፍ ለመነሣት በጣሪያው ላይ እንዳይወጡ አስቀድሞ መነገር አለበት። በጠባቡ ውስጥ ሻማና ጧፍ ማብዛትም ግድግዳውን በጥቀርሻ ያጠቁረዋል፤ ጧፉን ለደብሩ አስረክቦ መምጣት ይቻላል። አዳዲ ሕያው ደብር እንጂ ሙዚየም አለመሆኗን ማስታወስ ይገባል። በወሩ 21ኛ ቀንና በዓመት በዓላቷ ሳይሆን በተራ ቅዳሜ መሄድ ይሻላል። ቅዳሜ በጾም ወቅትም ቢሆን ቅዳሴው በጠዋት ስለሚፈጸም፣ እኛ እንዳደረግነው ካህናቱን በጾም ውሎ ላይ አያስቸግርም።

ጢያ በሶዶ ጉራጌ አገር የሚገኝ የትክል ድንጋዮች ስፍራ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከ36ቱ ድንጋዮች በ32ቱ ላይ የሰይፍና ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸዋል፤ ከሥራቸውም መቃብር መኖሩ በቁፋሮ ታይቷል። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ሲላቸው ኖሯል፤ ተመራማሪዎች ግን ከግራኝ አሕመድ ዘመን እንደሚቀድሙ ይናገራሉ። ይህ ለተጓዦቻችን ጥሩ የመወያያ ነጥብ ነው፤ ስለ ራሳችን ደብር የሚነገረውስ የትኛው በብራና የተጻፈ፣ የትኛው በቃል የወረደ፣ የትኛው በግምት የተጨመረ ነው? ወደ ጢያ ከሰዓት በኋላ መድረስ ይመረጣል፤ ፀሐይ ወደ ጎን ስታዘነብል ቅርጾቹ ጎልተው ይታያሉ።

ወደ ዝግጅቱ እንመለስ። ከሁለት ሳምንት በፊት በሀገረ ስብከት ወይም በወረዳ ቤተ ክህነት በኩል ለደብሩ ደብዳቤ ይጻፍ፤ የመንገዱም ሁኔታ በዚያው ይጠየቅ። የተጓዡ ቁጥር ከአንድ መለስተኛ አውቶቡስ ባይበልጥ ይመረጣል። ገንዘብ ያዡ በዚህ እንደማይስማማ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ካልሄደ ወጪው አይሸፈንም ይላል። ሆኖም ሃያ አምስት ሰው አምስት አምስት እየሆነ ሲገባ ቁልፍ ያዡ ለእያንዳንዱ ይናገራል፣ እያንዳንዱም ይሰማል። የመግቢያ ክፍያና ስጦታ በግለሰብ እጅ ሳይሆን በደረሰኝ ለደብሩ ይሰጥ። ብራና በምንጎበኝበት ጊዜ መጽሐፉን የሚይዘው የደብሩ ካህን ብቻ ነው፤ እኛ እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን እናያለን። የስልክ ብልጭታ ይጠፋል፣ ሻማ አይቀርብም። ስንቁ ከቅጥሩ ውጭ ይበላ፤ ፕላስቲኩም ከእኛው ጋር ይመለስ።

ጉብኝቱ ለሰበካ ጉባኤው የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ግን ከተመለሱ በኋላ የሚመጣ ነው። የሌላውን ዕቃ ቤት ያየ ኮሚቴ የራሱን ሳይከፍት አይቀርም። ብዙዎቻችን በመንበሩ አጠገብና በዕቃ ቤቱ ጥግ ምን እንዳለን በዝርዝር አናውቅም፤ የሚያውቁት አንድ አረጋዊ አባት ናቸው፣ እሳቸው ያረፉ ዕለት መዝገቡ አብሮ ይቀበራል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና ባለይዞታውም እንዲጠብቀው ያዛል። ከሕጉ ባሻገር ታሪካችን ራሱ ያስተምረናል። የላሊበላው የ«አፍሮ አይገባ» መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከሀገር ቢወጣም በ1993 ዓ.ም. ተመልሷል። መስቀሉ በሰፊው የታወቀ፣ ፎቶግራፉም በመጻሕፍት የታተመ ስለነበር የማን እንደሆነ ማስረዳት ተችሏል። ፎቶግራፍ የሌለው፣ በመዝገብ ያልሰፈረ የአንዲት ገጠር ደብር መስቀል ቢገኝ እንኳ፣ ባለቤቱ በምን ማስረጃ ይጠይቃል?

ምዝገባው ከባድ ሥራ አይደለም። አንድ ካህን፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ካሜራ ያለው ወጣት በሁለት ቅዳሜ መጀመር ይችላሉ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ስሙ፣ ርዝመቱና ወርዱ በሴንቲ ሜትር፣ የቅጠሉ ብዛት፣ ሐረግና ሥዕል ካለው ቁጥሩ፣ በመጨረሻው ገጽ የጸሐፊውና ያጻፈው ሰው ስም ከተጻፈ እርሱ ይመዝገብ። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ገጽ ሌላ የተቀደደውና ሰም የነካው ገጽም ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ያ ጉድለት ነውና መጽሐፉን ከሌላው የሚለየው። ለመስቀልና ለጽንሐሕ ከፊትና ከኋላ፣ በአጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ ይነሣ። መዝገቡ በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በደብሩ፣ አንዱ በወረዳ ቤተ ክህነት፣ አንዱ በሀገረ ስብከት ይቀመጥ። ወጣቱ ግን ፎቶግራፎቹን በማኅበራዊ መገናኛ እንዳይለቅ ከመጀመሪያው ቀን ይነገረው፤ ምን እንዳለና የት እንደተቀመጠ የሚያሳይ ምስል ለሌባ መንገድ ይመራልና።