የነጻ ሰው ዕዳ

ነጻነት የተባለውን ቃል ሁላችንም በአፋችን እናዘወትረዋለን። የሀገር ነጻነት፥ የሐሳብ ነጻነት፥ የሃይማኖት ነጻነት እንላለን። ነገር ግን ነጻ የሆነ ሰው ለማን ምን ዕዳ እንዳለበት ብንጠየቅ ብዙዎቻችን መልሱ ይቸግረናል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ ይህን ነገር በመብል ምሳሌ አስረድቶአል፤ ለጣዖት የተሠዋውን ሥጋ መብላት እርሱን ባይጎዳውም እንኳ፥ ኅሊናው ደካማ የሆነውን ወንድሙን የሚያሰናክልበት ከሆነ መብቱን ሊተው ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ።

ይህ በሥራ ተገልጦ ለማየት ወደ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ1921 ዓ.ም. አቡነ አብርሃም፥ አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ በካይሮ የጵጵስና ማዕርግ ተቀበሉ። ለዘመናት ጳጳስዋን ከግብፅ ስትቀበል ለኖረች ቤተ ክርስቲያን ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ሰባት ዓመት ያህል ቈይቶ ጠላት ዋና ከተማችንን ያዘ።

አቡነ ጴጥሮስ ከሰላሌ አርበኞች ጋር ተባበሩ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ያደረጉት ሙከራ ሳይሳካ ቀረ፤ እርሳቸውም በጠላት እጅ ወደቁ። የተጠየቁት ራሳቸው ለወራሪው እንዲገዙ፥ ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲያዙ፥ አርበኞችንም እንዲያወግዙ ነው። አንድ ቃል ብቻ! ጳጳስ በቃሉ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን አለውና፥ ጠላት ከነፍሳቸው ይበልጥ የፈለገው ያንኑ ሥልጣን ነበር። እርሳቸው ግን ሥልጣኑ የግል ገንዘባቸው ሳይሆን የመንጋው ዐደራ መሆኑን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ምድሪቱም ለጠላት እንዳትገዛ ማውገዛቸው እስከ ዛሬ ይነገራል።

አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ደግሞ ሽማግሌና ዐይነ ስውር ነበሩ፤ ለጠላት ታዝዘው በ1930 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ተባሉ። በእርሳቸው ላይ ድንጋይ ለማንሣት እኔ የተገባሁ አይደለሁም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናገራለሁ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖትንና የኅሊናን፥ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽን ነጻነት ይሰጠናል፤ በዚያው አንቀጽ ግን የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ወሰን ሊደረግበት እንደሚችል ይናገራል። ያልመረመረውን ወሬ በእጅ ስልኩ ለሺሕ ሰው የሚያደርስ ሰው ይህን የኋለኛውን ክፍል ያነበበው አይመስለኝም።

እነሆ አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን በሁለት ጎረቤቶች መካከል የድንበር ክርክር ተነሣ። አጥሩ ወደ አንዲት ባልቴት እናት ግቢ ሲገፋ በዐይኔ አይቻለሁ። ሽማግሌዎች ጠርተው በጠየቁኝ ጊዜ ግን፥ «እኔ በሰው ነገር አልገባም» አልሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ መናገርም ዝም ማለትም በፈቃዴ ነበር። ጥይት የሚተኩስብኝ አልነበረም፤ የፈራሁት ባለጠጋው ጎረቤቴ ፊቱን እንዳያዞርብኝ ብቻ ነው። ባልቴቷም ተረቱ።

ከዚያ በኋላ በእድር ድንኳን በተገናኘን ቍጥር «እንደምን ዋልህ፥ ልጄ?» ይሉኛል። ቢነቅፉኝ ይቀለኝ ነበር። ለንስሓ አባቴ ስናዘዝ ቀኖና ሰጡኝ፤ ቀጥለውም፥ «ይህ ለእግዚአብሔር ነው፤ ለእርሳቸው ያለብህስ?» አሉኝ።

በአቡነ ጴጥሮስ ስም በሚጠራው አደባባይ የቆመው ሐውልት ስለ ባቡር ሐዲድ ሥራ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሶአል። በዚያ በኩል ባለፍሁ ጊዜ ሁሉ ቀና ብዬ ማየት ያሳፍረኝ ነበር።

ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄጄ ያየሁትን ልመሰክር እንደምፈልግ ነገርኋቸው። «ነገሩ ዐድሮበታል፤ ቢሆንም እናየዋለን» አሉኝ። ጎረቤቴ ይህን ሰምቶ እስካሁን ሰላምታዬን አልመለሰልኝም።