የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታና ለዛሬ የሚሰጠው ትምህርት

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ሕዝቡ ቤቱንና ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን በአንድ ስፍራ ከምሮ ያቃጥላል። ይህ ልማድ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ጭሱን የሚያየው ሰው ብዙ ነው፤ ልማዱ የአንድ ታላቅ እልቂት መታሰቢያ መሆኑን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። እልቂቱም በ1911 ዓ.ም. የደረሰውና ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ የሰየመው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነው።

ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ብቻ የተነሣ አልነበረም። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1918 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲቃረብ በምድር ሁሉ ተዛመተ። ከዓለም ሕዝብ ሢሶ የሚሆነውን እንደያዘ፥ ከ50 ሚሊዮን የማያንስ ሰውም እንደ ፈጀ ይገመታል። በውጭ አገር «የእስፓኝ ግሪፕ» መባሉ ከእስፓኝ ስለ ተነሣ አይደለም። ተዋጊዎቹ መንግሥታት የበሽታውን ወሬ ከጋዜጣ ሲከለክሉ፥ በጦርነቱ ያልገባችው እስፓኝ ግን ንጉሥዋ አልፎንሶ 13ኛ ጭምር መታመማቸውን በግልጽ ስላሳወቀች ስሙ በእርስዋ ላይ ቀረ።

በሽታውን ከአገር ወደ አገር ያደረሱት ዕቃና ሰው የሚያመላልሱት መርከብና ባቡር ናቸው። በምዕራብ አፍሪቃ በፍሪታውን ወደብ ገባ፤ በምሥራቅም በሞምባሳ ወደብ ገብቶ በባቡሩ መስመር ወደ መካከለኛው አገር እስከ ዑጋንዳ ዘለቀ። አዲስ አበባም በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲ የምድር ባቡር ደርሶላት ከባሕሩ ጠረፍ ጋር የተገናኘች ከተማ ነበረች። ለንግድ የተከፈተ በር ለበሽታም ሊከፈት እንደሚችል የዚያን ዘመን ሰው በመከራ ተማረ።

በኅዳር ወር በሽታው በመዲናይቱ በረታ። ሕመሙ በድንገት በሚያንዘፈዝፍ ትኩሳት፥ በራስ ምታት፥ በቍርጥማትና በሳል ይጀምራል፤ በብዙዎችም ላይ ነስር ይጨመርበታል። ከዚያ ወደ ሳንባ ሲወርድ በጥቂት ቀን ይገድላል። ተራው የጕንፋን በሽታ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ይበልጥ ሲጐዳ፥ ይህኛው ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን፥ ማለት ቤተ ሰብ የሚያስተዳድሩትን ብርቱዎች፥ በብዛት ጨረሰ። ማዕርግም አላስመለሰውም፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ከሞት ተርፈዋል። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው ከ5,000 እስከ 10,000 እንደሚደርስ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ።

በተራው ሕዝብ ላይ የደረሰውን ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን የመሰሉ የዘመኑ ሰዎች ጽፈው አስቀርተዋል። ቤተ ሰቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ በሚተኛበት ቤት ውሃ የሚቀዳ፥ እሳት የሚያነድ፥ እህል የሚያቀምስ ጠፋ። ከሕመሙ ሊድን ይችል የነበረ ሰው በጥምና በረኃብ ሞተ። መቃብር የሚቈፍር ጕልበተኛ በመታጣቱም ብዙ ሬሳ ባንድ ጕድጓድ ተቀበረ። ለሟች ማልቀስና ሬሳን በወግ መሸኘት ትልቅ ነገር በሆነበት አገር ወላጅ ልጁን ያለ ለቀስተኛ መቅበሩ ከሞቱ የማያንስ ኀዘን ነበር።

በዚያን ጊዜ ለዚህ በሽታ መድኃኒት አልነበረም። የበሽታው ምክንያት የሆነው ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ከበሽታው በኋላ ሳንባን የሚያቈስሉትን ባክቴሪያዎች የሚገድለው ፔኒሲሊንም የተገኘው ከእልቂቱ 10 ዓመት ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ከሐኪም ይልቅ የሕመምተኛው ተስፋ አስታማሚው ነበር። አስታማሚ ያገኘ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ያጣ ይሞታል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። በሽታው በትንፋሽ፥ በሳልና በንጥሻ የሚተላለፍ ስለ ሆነ፥ በሽተኛን ለመጠየቅ ተሰብስቦ ባንድ ጠባብ ክፍል መቀመጥና በለቅሶ ቤት መታፈን ለበሽታው መንገድ ይከፍታል። እንግዲህ ጉርብትና ያድናልም፥ ያስይዛልም ማለት ነው። በሽታ ሲመጣ ጉርብትናን መተው ለ1911ዱ ዓይነት ሞት ይዳርጋል፤ እንደ ደኅናው ቀን መጠያየቅም በሽታውን ያበዛል። የሚሻለው ጉርብትናን በሥርዓት ማድረግ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ ወደ አገራችን ሲገባ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውና እጅ መታጠብ መታዘዙም ከዚሁ የመነጨ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ነዋሪውና የቀበሌ ሹማምንት የሚከተለውን ቢያስቡ ይጠቅማል።

1ኛ፤ እድር የተቋቋመው ለቀብር ብቻ ነው ተብሎ መታሰብ የለበትም። አባላቱ ተራ ገብተው የታመመ ሰው ላለበት ቤት ውሃና አጥሚት በደጅ እንዲያደርሱ አስቀድመው ቢስማሙ ብዙ ነፍስ ይተርፋል።

2ኛ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች፥ እንዲሁም እናትና አባት የታመሙባቸው ሕፃናት ስማቸው በሰፈሩ ተመዝግቦ በየቀኑ ይጠየቁ።

3ኛ፤ አስታማሚ አንድ ሰው ይሁን፤ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፥ እጁን በሳሙና ይታጠብ፥ መስኮት ይክፈት። ትንፋሽ ያጠረውን በሽተኛ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርስ።

4ኛ፤ ሹማምንት የበሽታውን መግባት ከሕዝብ አይሰውሩ። የተደበቀ ወሬ ድንጋጤን እንጂ ጥንቃቄን አያመጣም።

ስለ ኅዳር ጭስም እውነቱን መናገር ይገባል። ደጅን መጥረግና ቆሻሻን ማስወገድ መልካም ሥራ ነው፤ ጭሱ ግን ኢንፍሉዌንዛን አያባርርም፥ ሳንባው የታመመውንም ይጐዳል። እንግዲህ በኅዳር 12 ቀን ደጁን የሚጠርግ ሰው የጎረቤቱን ደጅ ደግሞ ቢያንኳኳ፥ በዚያ ዓመት ውሃ የሚያቀብላቸው አጥተው የሞቱትን በሚገባ አስታወሰ ይባላል።