ቃላት የሸመደደ ሁሉ እንግሊዝኛ አወቀ? ተረትና እውነታ

ሰላምታው፣ ግብይቱና መንገድ መጠየቁ አይቸግረውም፤ ጋዜጣ ሲያነብ ወይም ስብሰባ ላይ ሐሳቡን ሲያስረዳ ግን ቃል ያጥረዋል። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ «ቢ1» እና «ቢ2» የተባሉት መካከለኛ እርከኖች ላይ የሚገኘው ተማሪ እንዲህ ያለው ነው። ብዙ ሰው ለዓመታት ተቸክሎ የሚቀረውም እዚሁ ነው፤ መካሪ ደግሞ አያጣም።

የመጀመሪያው ምክር «የጎደለህ ከባድ ከባድ ቃል ነው» የሚል ነው። እውነታው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1989 በ20 ቅጽ በታተመው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከሁሉ የረዘመውን ማብራሪያ የወሰደችው ባለ 3 ፊደሏ «ሴት» ናት (የእኛዋ ሴት አይደለችም፤ «አስቀመጠ» ብለን የተማርናት ናት)። ማብራሪያዋ ብቻ 60 ሺህ ቃላት ያህል ፈጅቷል። ገበታ ላይ ሳህንና ሹካ ሲደረደር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የማንቂያ ሰዓት ሲሞላ፣ መምህር ፈተና ሲያወጣ፣ ሲሚንቶ ሲደርቅ እንግሊዝኛው የሚጠራው እሷን ነው። «ፑት»ም ብትሆን «ኦፍ» ሲከተላት ቀጠሮ ታስተላልፋለች፣ «አውት» ሲከተላት እሳት ታጠፋለች፣ «አፕ ዊዝ» ሲከተላት ደግሞ መቻልና መታገሥ ትሆናለች። መካከለኛ ተማሪ ያልጨረሰው ትምህርት በአብዛኛው በአንደኛ ደረጃ «አውቄያቸዋለሁ» ብሎ ያለፋቸው እነዚህ ትንንሽ ቃላት ናቸው።

«የአማርኛ ፍቺውን ካወቅኩ ቃሉን አወቅኩት» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ደብተሩን ለሁለት ከፍሎ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ መጻፍ የሚናቅ ዘዴ አይደለም፤ «አማርኛውን ጨርሶ እርሱት» የሚሉ መምህራን ያበዙታል ባይ ነኝ። ችግሩ ያ ደብተር ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል አለመናገሩ ነው። እኛ ፎቶ እናነሳለን፣ ቃል እንገባለን፣ ስህተት እንሠራለን። እንግሊዝኛው ፎቶውን በ«ቴክ»፣ ቃል መግባቱንም ስህተቱንም በ«ሜክ» ይላል። «ፕሮሚስ» ከሚለው አጠገብ «ቃል ኪዳን» ብቻ የጻፈ ልጅ፣ መናገር ሲጀምር ግሱን ከአማርኛ መበደሩ አይቀርም። «ሜክ ኤ ፕሮሚስ» ብሎ ከነግሱ የመዘገበ ግን ያንን ዕዳ አስቀድሞ ከፍሏል። በነገራችን ላይ የለመድናቸው የውጭ ቃላትም አይታመኑም፤ «ፋብሪካ» የመጣልን ከጣሊያንኛ ነው፣ በእንግሊዝኛ «ፋብሪክ» ያለ ሰው የሚያወራው ስለ ጨርቅ ነው።

9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ያኔ የሚያስቸግሩት የሳይንስ ስያሜዎች ናቸው ብሎ የማያምን ወላጅ ጥቂት ነው። ግን «ፎቶሲንተሲስ»ን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ስሎ ያስረዳል፣ መጽሐፉም ይተነትናል። «አሱም»፣ «ዲራይቭ»፣ «ሲግኒፊካንት» የሚሉትን ማንም ቆሞ አያስረዳም፤ ባዮሎጂውም ታሪኩም ኢኮኖሚክሱም ተማሪው እንደሚያውቃቸው ቆጥሮ ያልፋል። በኒውዚላንድ የምትሠራው ተመራማሪ አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዲህ ያሉትን ሰብስባ 570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃልና ከእሱ የተገኙ ዝርያዎቹ እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠራሉ) አድርጋ አሳትማለች። ዝርዝሩ በአካዳሚክ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ቃላት 10 በመቶ ገደማውን ይሸፍናል። ጊዜ ለሚያጥረው ተማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

አይልትስ ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚዘጋጁ ደግሞ ብርቅ ቃል ነጥብ ያስገኛል ይላሉ። ብዙም ያልተለመደ ቃል መጠቀም ይቆጠራል፣ አልተሳሳቱም። ዳሩ ግን በንግግር ፈተናው የቃላት ድርሻ ከ4 መመዘኛዎች አንዱ ብቻ ነው፤ በዚያው መመዘኛ ውስጥም ቃሉ ከአጋሩ ጋር በትክክል መግጠሙ ይታያል። ያለ ቦታው የገባ ብርቅ ቃል ፈታኙን አያታልልም።

«መዝገበ ቃላት አትክፈት፣ ከዐውዱ ገምት» የሚለውም ሳይታይ መታለፍ የለበትም። ግምት የሚሠራው በዙሪያው ያሉት ቃላት ከታወቁ ነው። የቃላት ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ ከአንድ ልብ ወለድ ወይም ጋዜጣ ቃላት 98 በመቶውን ለማወቅ ከ8 እስከ 9 ሺህ የቃል ቤተሰብ እንደሚያስፈልግ አስልቷል። 98 በመቶ ማለት 250 ቃላት ባሉት ገጽ 5 የማይታወቁ ቃላት ማለት ነው። በገጹ ላይ 20 ካጋጠሙ ግን ግምቱን ትቶ ለደረጃው ተብሎ የቀለለ መጽሐፍ ማንሳት ይሻላል፤ ጋዜጣው የትም አይሄድም።